ለራስ ምታቴ የሰው መድኃኒት ዋጥኩ

ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። መተማ ዮሐንስ በሚያዝያ እንዴት እንደምትሞቅ የኖረባት ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። የልጅ ልጄን ታቅፌ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ ተቀምጫለሁ። ልነሳ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ ውሃ ሲረጭ ነው። ልጄ ሕፃኑን ከእጄ ባትነጥቀው ኖሮ እሳቱ ላይ ይዤው እወድቅ ነበር።

ራስ ምታቱ የቆየ ነው። ግማሽ ጭንቅላቴን ይዞ ይወጋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ብርሃን ያስጠላኛል። በእኛ ቆላ ራስ ምታት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው የሚባለው። እኔም ደሜን ስመረመር ወባ አልተገኘም፤ ማይግሬን መሆኑ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። የደም ግፊቴም ብዙ ጊዜ ከ90/60 በታች ይወርዳል።

ከመውደቄ ሦስት ቀን በፊት እንደ እህቴ የማያት ጎረቤቴ «ይሄ ለማይግሬንም ይታዘዛል» ብላ የራሷን የግፊት ክኒን፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሰጠችኝ። አልዋሸችም፤ ማይግሬን እንዳይመላለስ ይታዘዛል። ነገር ግን ግፊትንም ያወርዳል። ለእሷ የበጀው እኔን ጣለኝ። ሐኪሙ የነገረኝ ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ለራስ ምታቴ መድኃኒት የሚሰጠኝ ሁሉ ግፊቴ ዝቅተኛ መሆኑን አስቀድሞ ከእኔ መስማት አለበት። በሐኪም ታዞላችሁ የምትወስዱት ካላችሁ ደግሞ ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡት።

ሁለቱ ሕመሞች ውሃና ምግብ ላይ ይገናኛሉ። ላብ ውሃና ጨው ይዞ ሲወጣ ግፊት ይወርዳል፤ የውሃ ጥምና ምግብ መዝለል ደግሞ ማይግሬን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጠዋት ከቡና በፊት ውሃ እጠጣለሁ፤ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ። ለነፍስ አባቴም ሕመሜን ነግሬ የጾሙን ሰዓት አቅልለውልኛል። ከመኝታዬ ስነሳ መጀመሪያ ጥቂት እቀመጣለሁ። ዓይኔ ሊጨልም ሲል ወዲያው ተጋድሜ እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አደርጋለሁ። ጨው መጨመር ግን ለሁሉም አይሆንም፤ በተለይ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪም ይጠይቅ።

ፓራሲታሞል የምወስደው ሕመሙ ገና ሲጀምር ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚዋጥ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ይህን ለመቆጣጠር ትንሹ ልጄ በደብተሩ ያመመኝን ቀን፣ የበላሁትን፣ የተኛሁትንና የዋጥኩትን ይጽፍልኛል። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ደብተሩን ይዤ ነው።

ለማይግሬን ብላችሁ የማትታገሡትም አለ። ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጉ። ድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቁ።

የልጅ ልጄ አሁን ድክ ድክ ይላል። የማቅፈው ግን ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከእሳት ርቄ ነው። ጎረቤቴም ራሴን ሲያመኝ ክኒኗን ትታ ውሃ በጆግ ይዛልኝ ትመጣለች።