ተኝቶ የሚሠራ ስፖርት

የፒላተስ ዋና መሣሪያ የሆነው ሪፎርመር ሲያዩት አንድ ሰው የሚያስተኛ ጠባብ አልጋ ይመስላል። ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ረጅም ማዕቀፍ አለው፤ በማዕቀፉ ውስጥ በስፖንጅና በቆዳ የተለበጠ መደብ በሁለት ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መደቡን ከግርጌ በኩል ከማዕቀፉ ጋር የሚያያይዙት አራት ወይም አምስት ሞላዎች ናቸው። ግርጌ ላይ እግር የሚያርፍበት ብረት አለ፤ ራስጌ ላይ ትከሻ እንዳያመልጥ የሚይዙ ሁለት ጉብታዎች፣ በፑሊ የሚያልፉ ሁለት ገመዶችም እንዲሁ። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ላብህን የሚቆጥርልህ ስክሪን የለውም። ጂም የለመደ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ቢንቀው አይፈረድበትም።

ፒላተስ ጀምሬያለሁ ስላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አዩና «አንቺ ልጅ፣ ተኝተሽ ነው እንዴ ስፖርት የምትሠሪው?» ብለው ሳቁብኝ። «አዎ እማማ፣ ተኝቼ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ የሪፎርመር ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው ተኝቶ፣ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ ነው። የሚገርመው ግን፣ ሰው ተኝቶ ክብደቱን መሸከም ሲያቆም፣ ቆሞ ሲሄድ ሸፍኖ ያኖራቸው ጉድለቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንደኛው እግር ሌላውን ቀድሞ ይገፋል። ዳሌ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሥራው ያልሆነው ትከሻ ደግሞ ሳይጠሩት ወደ ጆሮ ይወጣል። የፒላተስ ዋና ጉዳይ እነዚህን ማየትና ማረም ነው፤ ላብ ማፍሰስ ሁለተኛ ነገር ነው።

በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ስቱዲዮዎች አነስተኛ ናቸው። ጥቂት መሣሪያ በሁለት ረድፍ ይደረደራል፣ አንድ አስተማሪ በመሐል ትዘዋወራለች፣ ሰዓቱም ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ ነው። ጫማ ይወልቅና ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ ይደረጋል፤ ይህ ለንጽሕናም ነው፣ እግር ከብረቱ ላይ እንዳያዳልጥም ነው። ጀማሪ ከመግባቱ በፊት ቅጽ ይሞላል። ወገብ፣ ጉልበት፣ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና ይጠየቃል። እኛ ሐበሾች እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠን «ምንም የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ማለፍ ይቀናናል። እዚህ ግን ጉዳት የሚደብቅ ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው፤ አስተማሪዋ የትኛውን ሞላ እንደምትሰካልህ፣ የትኛውን እንቅስቃሴ እንደምትዘልልህ የምትወስነው ከዚያ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ፉትወርክ ይባላል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ የእግርን የፊት መዳፍ ብረቱ ላይ አድርጎ መግፋት ነው። መደቡ ወደ ራስጌ ይሄዳል፣ ሞላዎቹ ይለጠጣሉ፣ ጉልበት ይዘረጋል። እስከዚህ ማንም ይችለዋል። መከራው መመለሱ ላይ ነው። የተለጠጠ ሞላ መደቡን አስፈንጥሮ መመለስ ይፈልጋል፤ ጀማሪም ይለቅለታል፤ መደቡ ማቆሚያውን «ጓ!» አድርጎ ይመታና ክፍሉ ሁሉ ቀና ብሎ ያይሃል። አስተማሪዋ ግን አትቆጣም፤ «ሲዘጋ ድምፅ አልስማ» ትላለች፣ ያንኑ ደግሞ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትደጋግመዋለች። ሞላው እየጎተተ ሰውየው እያዘገመ ሲመለስ፣ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ይሠራል። በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ የምታገኙት ሕመም የሚመጣው ባብዛኛው ከዚህ ከመመለሱ ነው። ከዚያ እግር ይቀየራል፤ መጀመሪያ በፊት መዳፍ፣ ቀጥሎ በእግር ቅስት፣ ቀጥሎ በተረከዝ። ያው አንድ ግፊት ሲሆን፣ እግር ያረፈበት ቦታ በተለወጠ ቁጥር ባት፣ ጭንና መቀመጫ ተራ በተራ ይነቃሉ።

ሞላ ከብረት ክብደት የሚለይበት ምክንያት አለው። አሥር ኪሎ ብረት ብታነሡ ከታች እስከ ላይ አሥር ኪሎ ነው። ሞላ ግን በተለጠጠ መጠን ኃይሉ ይጨምራል፤ ሲጀመር የዋህ ነው፣ እጅና እግር ሲዘረጋ ይከብዳል። ስለዚህ በፍጥነት ወርውሮ ማታለል አይቻልም። የሞላዎቹ ጥንካሬ በቀለም ይለያል፣ ቀለሙ ግን ከአምራች አምራች አንድ ስላልሆነ፣ ስቱዲዮ የቀየረ ሰው «እኔ በቀይ ነው የምሠራው» ብሎ መኩራቱን ቢተወው ይሻለዋል።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ደግሞ ይህ ነው፤ ቀላሉ ሞላ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በፉትወርክ ጊዜ ሞላ ሲቀነስ ሥራው ይቀልላል። ነገር ግን እጅ ብረቱ ላይ፣ እግር መደቡ ላይ ሆኖ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መደቡን ወደ ኋላ መግፋትና መመለስ የሚባል እንቅስቃሴ አለ። እዚያ ላይ ከባድ ሞላ ደጋፊ ነው፤ ወደ ቤት መልሶ ይጎትትሃል። ሞላው ሲቀንስ መደቡ ከሥርህ ሊሸሽ ይፈልጋል፣ የሚይዘው ያንተ ሆድና ትከሻ ብቻ ይሆናል። ጎረምሳ ጡንቸኛ «ይህማ ቀላል ነው፣ አንድ ሞላ ብቻ» ብሎ ገብቶ እንደ ቅጠል ሲንቀጠቀጥ፣ አጠገቡ ያለች ሽበታም ሴት ዝም ብላ ስትሠራው ማየት ደስ ይላል፤ ክፋት አይምሰልብኝና።

ትንፋሹም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አየር በአፍንጫ ይገባና ሆድን ሳይነፋ ጎድንን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያሰፋል፤ ሲወጣ ሆድ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ወደ ውስጥ የጠለቀው እንደ መቀነት ወገብን ዙሪያውን የሚጠመጠም ነው፤ አስተማሪዎቹ ሌት ተቀን የሚያወሩለትም እሱ ነው። ይህን ትንፋሽ ከእንቅስቃሴ ጋር የሚያጋባው «መቶው» የሚባለው ሥራ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ራስና ትከሻን ቀና አድርጎ፣ እግርን አንሥቶ፣ ቀጥ ያሉ እጆችን በትንንሹ ወደ ላይ ወደ ታች መምታት። በአምስት ምት ማስገባት፣ በአምስት ምት ማስወጣት፤ አሥር ጊዜ ሲደጋገም መቶ ይሆናል። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚደክመው ሆዱ ሳይሆን አንገቱ ነው። ያኔ ራስን ማሳረፍ ነውር የለበትም፤ ቀሪውን ራስ ተጋድሞ መጨረስ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ያበጀው ጆሴፍ ሁበርተስ ፒላተስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን አገር ሞንሸንግላድባህ በምትባል ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ አስምና ሪኬትስ ያሠቃየው እንደነበር ይነገራል፤ ጂምናስቲክና ቦክስ ውስጥ የገባው ያንን ደካማ ሰውነት ሊያጠነክር ብሎ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ጀርመናዊ በመሆኑ ብቻ እንደ ጠላት ዜጋ ተይዞ ታሰረ፤ በኋላም ማን በተባለችው ደሴት ላይ ኖካሎ ወደሚባለው፣ ከ20 ሺህ በላይ እስረኞች ወደታጎሩበት ሰፈር ተወሰደ። እዚያ የአልጋ ሞላ ነቅሎ፣ ከአልጋ ያልተነሡ ሕሙማን ተኝተው እንዲንቀሳቀሱበት አድርጎ ሰካው የሚለው ታሪክ በየስቱዲዮው ይተረካል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ እየጣፈጠ ሳይሄድ አልቀረም፤ «ከእሱ ተማሪዎች አንድም በ1918ቱ የጉንፋን ወረርሽኝ (በኅዳር በሽታ) አልሞተም» የሚለውን ተቀጥላ እኔ አልቀበለውም። ነገር ግን ሪፎርመርን አንድ ጊዜ ላየ ሰው፣ የመሣሪያው ዘር ከአልጋ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ ክላራ የተባለችውን የዕድሜ ልክ ባልደረባውን ያገኛትም በመርከቡ ላይ ነው ይባላል። ሁለቱ በስምንተኛው አቬኑ ላይ ስቱዲዮ ከፈቱ። አካባቢው የዳንሰኞች ነበርና የዳንስ አቀናባሪዎቹ ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃም የተጎዱ ዳንሰኞቻቸውን ይልኩለት ጀመር። ለዳንሰኛ ቁርጭምጭሚት ማለት እንጀራ ነው፤ የጆሴፍ ዝና የገነነው እነዚህን ሰዎች መልሶ መድረክ ላይ በማቆሙ ነው። በ1945 ባሳተመው መጽሐፉ ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ብሎ ነው የጠራው፤ በራሱ ስም መጠራቱ በኋላ የጸና ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት 34 እንቅስቃሴዎች በሙሉ ምንጣፍ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ስመጣ ያስፈልገኛል። ሰውየው በ1967 እ.ኤ.አ. በ83 ዓመቱ ሲሞት ዘዴውን በአብዛኛው የሚያውቁት ዳንሰኞችና ጥቂት ደንበኞች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ዛሬ ጀማሪውን በቀጥታ ይነካዋል። ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ የያዘ ወገን ሌሎቹን «ፒላተስ አስተምራለሁ ማለት አትችሉም» እያለ ይከስ ነበር። በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፒላተስ እንደ ዮጋና ካራቴ የአንድ ሥልጠና መጠሪያ እንጂ የማንም የግል ንብረት አይደለም ሲል ወሰነ። ስቱዲዮዎች በየመንደሩ የፈሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ዕዳውም አብሮ መጣ፤ በአሜሪካ ፒላተስ ለማስተማር መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ የለም። በሁሉም መሣሪያ ላይ የሠለጠነ አስተማሪ 450 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተምሮ፣ አይቶ፣ ተለማምዶ ይወጣል። በሁለትና በሦስት ቀን ሥልጠና ወረቀት ይዞ የሚወጣም አለ። ሁለቱም በር ላይ የሚለጥፉት አንድ ቃል ነው። የት ተማርሽ፣ ስንት ሰዓት፣ ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ ጥሩ አስተማሪ ጥያቄው ደስ ይላታል።

ያድናል ወይ? የወገብ ሕመም ያለባቸውን በሚመለከት፣ ኮክሬን በሚባለው ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ 510 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ ነበር። ምንም ካለመሥራት ወይም በትንሽ ምክር ብቻ ከመቅረት ፒላተስ ሕመምን ይቀንሳል፤ ከሌላ ዓይነት የሰውነት እንቅስቃሴ ይበልጣል ለማለት ግን የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። የእኔም ፍርድ ከዚሁ አይርቅም። ማስታወቂያው «ጡንቻን ያስረዝማል» ይላል፤ ጡንቻ ሁለት ጫፉ በአጥንት ላይ የተተከለ ነውና አይረዝምም። ልብና ሳንባን በሚገባ አያሠራም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚለውን ለማሟላት መራመድ፣ መሮጥ ወይም መዋኘት አይቀርም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ወይም መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው፣ ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ የማን እንደሆነ ይረሳል። ይህ ሥልጠና ያስታውሰዋል። የገበያ ከረጢት ከመኪና ሳወጣ ትንፋሼን አስወጥቼ ሆዴን ሰብስቤ ማንሣት የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ማንም አይቶ አያጨበጭብልኝም፣ ወገቤ ግን ያውቀዋል።

ዋጋው ግን ያስቆጣል። እዚህ አካባቢ በቡድን የሚሠራው የሪፎርመር ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ 30 ዶላር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ ብቻን ከአስተማሪ ጋር ከሆነ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሁለት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ወደ አገር ቤት ለሚልክ ሰው ይህ የሚታሰብ አይደለም። የ34ቱ የምንጣፍ እንቅስቃሴዎች ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ደጋፊና አጋላጭ ነው፤ ዘዴው ግን ወለል ላይ ምንጣፍ ካለ ይሠራል። እንዲያውም ያለ ሞላ እርዳታ ብዙዎቹ ይከብዳሉ። ለገንዘቤ ስስታም ሆኜ ብመክር፣ በቅድሚያ ለጥቂት ክፍለ ጊዜ ከጥሩ አስተማሪ ዘንድ ገብታችሁ ትንፋሹን፣ የዳሌን አቀማመጥና የትከሻን ነገር በእጇ አስተካክላ ታሳያችሁ፤ ከዚያ ምንጣፋችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ሥሩ፤ አልፎ አልፎ ተመልሳችሁ ስሕተታችሁን አስመርምሩ።

የአጥንት መሳሳት ያለባችሁ፣ አከርካሪን ወደ ፊት አጥፎ መንከባለል የሚጠይቁት እንቅስቃሴዎች ለእናንተ አይደሉም፤ ለአስተማሪዋ ቀድማችሁ ንገሩ። ዲስክ አለብህ የተባለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ጡንቻ መንቀጥቀጡና መቃጠሉ የሚጠበቅ ነው። ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ ግን እዚያው አቁማችሁ ውረዱ፤ ክፍለ ጊዜው የተከፈለበት ቢሆንም።