የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትን በተገጣጣሚ የእንጨት ግንባታ ማስፋፋት፦ የዙሪክ ከተማ ተሞክሮ

አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጨማሪ መማሪያ ክፍሎች ሲያስፈልጉት ችግሩ የቦታና የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሕፃናት በሚማሩበትና በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ቁፋሮ፣ የኮንክሪት ሙሌትና የከባድ መኪና ምልልስ ለብዙ ወራት ሊቀጥል ይችላል። ጫጫታው ትምህርትን ያውካል፤ የግንባታው አጥርም የመጫወቻ ሜዳውን ይወስዳል። ተገጣጣሚ የእንጨት ግንባታ ይህን ሸክም በአመዛኙ ከግቢው አውጥቶ ወደ ፋብሪካ ያዛውራል። ይሁን እንጂ ዝውውሩ ያለ ዋጋ አይገኝም።

የስዊዘርላንዷ ዙሪክ የተማሪዎቿ ቁጥር ከቋሚ ሕንፃዎቿ አቅም በላይ በሆነባቸው አካባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ «ዙሪ-ሞዱላር» የተሰኙ የእንጨት ሕንፃዎችን በነባር ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ስትተክል ቆይታለች። የሕንፃዎቹ አካል በፋብሪካ የሚሠራ ሣጥን መሰል ክፍልፋይ ነው። ክፍልፋዮቹ በመኪና ተጓጉዘው፣ በክሬን ጎን ለጎንና አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው ሲያያዙ መማሪያ ክፍሎች ይሆናሉ። መሠረቱ በግቢው ሲዘጋጅ የላይኛው አካል በፋብሪካ ይሠራል። ጊዜው የሚያጥረው እንግዲህ ሠራተኛው ስለተጣደፈ ሳይሆን፣ ተራ በተራ ይከናወኑ የነበሩ ሥራዎች በአንድ ወቅት ስለሚካሄዱ ነው።

ለዚህ ዘዴ እንጨት የሚመረጥበት ዋነኛ ምክንያት ቀላልነቱ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት 2400 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ለግንባታ የሚውል የጥድ ዓይነት እንጨት ግን 450 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በመሆኑም ማጓጓዙና ማንሣቱ ይቀላል፤ መሠረቱም አነስተኛ ይሆናል። ነባሩ ሕንፃ ተጨማሪውን ክብደት መሸከሙ በስሌት ከተረጋገጠ፣ በላዩ ላይ ፎቅ ጨምሮ የመጫወቻ ሜዳውን ማትረፍም ይቻላል።

የእሳት አደጋ ስጋት ተገቢ ቢሆንም በስሌት የሚመለስ ነው። ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ፊቱ ይከስላል፤ ከሰሉም የውስጡን ክፍል ከሙቀት ይከላከላል። የአውሮፓ የንድፍ ደረጃ ለጥድ ዓይነት ምሰሶዎች የክስለቱን ፍጥነት በደቂቃ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጎ ያሰላል፤ ለ30 ደቂቃ የሚታሰበው ውፍረት እንግዲህ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይበልጥ አስቸጋሪው ድምፅ ነው። ቀላል ወለል የላይኛውን ክፍል የእግር ኮቴ ወደ ታችኛው ያስተላልፋል፤ ይህን ለመቀነስ በወለሉ ላይ ክብደት ያለው ንጣፍ መጨመር ያስፈልጋል። ቀላል ግድግዳም ሙቀትን አምቆ የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ የጥላና የአየር ዝውውር ንድፍ ሊዘነጋ አይገባም።

የዘዴው ዋጋ የሚከፈለው ከሁሉ በላይ በውሳኔ ነው። በተለመደው ግንባታ መስኮትን ወይም የኤሌክትሪክ መስመርን ሥራው ከተጀመረ በኋላም ማዛወር ይቻላል፤ በተገጣጣሚ ግንባታ ግን ምርት ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ውድ ነው። ስለዚህ መምህራን አስተያየታቸውን መስጠት ያለባቸው ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው። ከዚህ ባሻገር፣ በዙሪክ በጊዜያዊ መፍትሔነት ከታሰቡት ሕንፃዎች መካከል ለረጅም ዓመታት በቦታቸው የቆዩ አሉ። ጊዜያዊ የተባለው እንደሚሰነብት ከመነሻው ካልታሰበ፣ የተወሰደው ሜዳ ለልጆቹ ሳይመለስ ይቀራል።

ይህን ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለማምጣት የሚያስብ ተመራማሪ ከእንጨቱ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ሊመለከት ይገባል። ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ የሚቆይ እንጨት ደግሞ ለመበስበስ ይጋለጣል። በዚህ ረገድ የመገጣጠሚያው ጊዜ ማጠር ልዩ ትርጉም አለው፤ ሥራው በበጋ፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ባለው ዕረፍትና በቅዳሜና እሑድ ሊከፋፈል ይችላል። ለጭቃ ቤትና ለግንባታ መወጣጫ የሚያገለግለው ባሕር ዛፍም ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው፣ በፋብሪካ ለሚለካና ለሚገጣጠም ጣውላ ከመዋሉ በፊት በአግባቡ መድረቅ፣ በጥንካሬው መለየትና ከምስጥ መጠበቅ አለበት። የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከመታሰቡ በፊት የማድረቂያና የመፈተሻ ሥራው መቅደሙ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።