የሥልጠና ምስክር ወረቀትና የብቃት ማረጋገጫ ልዩነት

የወረዳ ሠራተኛ ወይም ኃላፊ ከአመራር ሥልጠና ሲመለስ የሚይዘው ሰነድ በአብዛኛው መሳተፉን የሚመሰክር እንጂ ሥራውን መሥራት መቻሉን የሚያረጋግጥ አይደለም።

ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት ያገኘው በ1994 ዓ.ም. የአማራ፣ የኦሮሚያ፣ የትግራይና የያኔው የደቡብ ክልል ወረዳዎች በጥቅል የበጀት ድጎማ መተዳደር ሲጀምሩ ነው። ቀደም ሲል ከበላይ አካል ይመጣ የነበረው የበጀት ድልድል ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ ሥልጣኑ ከአቅሙ ቀድሞ ደረሰ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመውና በ2003 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ለክልሎች ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቷል። የወረዳ ሠራተኛ አዘውትሮ የሚያውቀው ግን የጥቂት ቀናት ሥልጠናን ነው፤ በፊርማ ይገኛል፣ የውሎ አበል ይቀበላል፣ ምስክር ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

የብቃት ማረጋገጫ አሠራር ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ብሔራዊ ስትራቴጂ ሥልጠናን ከምዘና ለይቷል፤ መዛኙ አሠልጣኙ ራሱ አይደለም። ምዘናውም ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ተግባርንም ይመለከታል። ይህ ለወረዳ የፋይናንስ ኃላፊ ቢተረጎም፣ የቀረበለትን ድጎማ ለጤና፣ ለትምህርትና ለግብርና ደልድሎ ምክንያቱን ማስረዳት ማለት ይሆናል።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለሠራተኞቹና ለኃላፊዎቹ በሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና በርካቶች የማለፊያ ነጥብ አለማግኘታቸው ይታወሳል። ፈተና ክፍተትን ያሳያል እንጂ አይሞላም። በመሆኑም ተመዛኙ የጎደለው ብቃት ተለይቶ ሊነገረው፣ የመሥሪያ ቤቱ የሥልጠና ዕቅድና በጀትም ከምዘናው ውጤት በኋላ ሊዘጋጅ ይገባል።