ፀሐይ ሳለች ድርቆሽህን አድርቅ

አንባቢ ሆይ፤ በእንግሊዝኛ ትምህርትህ «ፀሐይ ሳለች ድርቆሽህን አድርቅ» የሚለውን ምሳሌ ሳታጠና አልቀረህም። ትርጕሙንም «ጊዜህን አታባክን» ብለህ ጽፈህ ሙሉ ነጥብ አግኝተህ ይሆናል። ምሳሌው ያረጀ ነው፤ ጆን ሄይውድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1546 ባሳተመው የምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ያወጣው ገበሬ ግን ያሰበው ከዚህ ጠበቅ ያለ ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር ሰኔና ሐምሌ በጋ ነው፤ ሣሩም የሚታጨደው ያን ጊዜ ነው። ዝናቡ ግን በበጋም ቢሆን ቀጠሮ አያከብርም። የታጨደ ሣር ተከታታይ የፀሐይ ቀን ካላገኘ ይሻግታል፤ እርጥበቱ ሳይለቀው ከተከመረም ከውስጥ እየጋለ ይሄድና፣ ጉድ ነው፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት እሳት ሊይዝ ይችላል። ድርቆሽ ያላስገባ ገበሬ ደግሞ በብርዱ ወራት ለከብቶቹ የሚሰጠው መኖ የለውም። እንግዲህ ነገሩ መትጋት ብቻ አይደለም፤ ሰማዩን አይቶ ማጭዱን መቼ እንደሚያነሣና መቼ እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ነው። ዝናብ ባዘለ ቀን የሚያጭድ ትጉህ ከሰነፉ ይልቅ ይከስራል።

ታዲያ እነዚያው እንግሊዞች «ብዙ እጅ ሥራን ያቀላል» ይሉና ዞር ብለው «ወጥ ቤት ሲበዛ ሾርባው ይበላሻል» ይላሉ። ብልጥ ተማሪ ሁለቱን አጋጭቶ መምህሩን ማስጨነቅ ይወዳል። ግን አይጋጩም፤ አንዱ የተነገረው ለሸክም፣ ሌላው ለጨው ነው። ድርቆሽ ለመሸከም አሥር ሰው ቢመጣ እሰየው፤ አሥሩም በየተራ ድስቱ ውስጥ ጨው ቢጨምሩ ግን ማን ይበላዋል? በመሥሪያ ቤትህ አንድ ደብዳቤ ለአምስት ሰው እርማት ሲዞር አይተህ እንደሆነ፣ የትኛው ምሳሌ እንደሚስማማው እኔ አልነግርህም።