የወሩ መርፌ

ጎንደር ውስጥ እኔ በምሠራበት የልብ ክትትል ክፍል ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ደብተር ገና ያልጣሉ ልጆች ናቸው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ ይመጣሉ። ነገሩ የሚጀምረው በቶንሲል ነው። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ቤት ቶንሲል ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል፤ በወጉ ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የራሱን የልብ ቫልቭ ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

ቫልቩ አንዴ ክፉኛ ከተጎዳ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወረፋው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። በእኛ በነርሶች እጅ ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ቶንሲሉ ተመልሶ ልቡን የባሰ እንዳይጎዳው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። ለዓመታት፣ ጉዳቱ ለጠናበት እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን። ሐኪሙ አንዴ ያዝዛል፤ ወሩን እየቆጠርን የምንጠብቀው እኛ ነን።

መርፌው አስቸጋሪ ነው። ዱቄቱ ሲበጠበጥ ወተት መስሎ ይወፍራል፤ ከዘገዩበት መርፌው ይደፈናል። ያማልም። ብልቃጡን መዳፍ ውስጥ ሞቅ ማድረግ፣ የሚወጋውን ቦታ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወስዶ ቀስ እያሉ መግፋት ሕመሙን ይቀንሰዋል። ተራ በበዛበት ቀን ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ያመመው ልጅ በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

በየጤና ጣቢያው ያለው ፍርሃት ከዚህ ይከፋል። ተወግቶ እዚያው ስለሞተ ልጅ ሲወራ ያልሰማ ነርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ «እኛ ጋ አይሰጥም፣ ጎንደር ሂጂ» ይባላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ከነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ ከፔኒሲሊን አለርጂ ይልቅ በጣም የተጎዳ ልብ የደም ግፊት ድንገት ሲወርድ መቋቋም አቅቶት ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረድቷል። ልቡ እጅግ ለደከመ በአፍ የሚወሰደው ይሻላል፤ ሌላው ውሃ ይጠጣ፣ እህል ይቅመስ፣ ተኝቶ ይወጋ ይላል።

እህል ይቅመስ! በሁዳዴ?

«ቁርስ በልተሻል እናቴዋ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ጾም አይደል!»

እናቷ ነጠላዋን እያጣፋች «ቅዳሴ ሳይወጣ?» ትለኛለች። ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት፤ ልጅቱ ከንፈሯ ደርቋል። በጾም አልከራከርም። የንስሐ አባታችሁ ምን አሉ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለታመመ የሚፈቅዱ ካህናት ብዙ ናቸው፤ ያልተጠየቀ ግን አይፈቅድም። እስኪጠየቁ ቢያንስ ቀጠሮውን ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ከቀመሰች በኋላ አደርገዋለሁ። ካርድ ላይ የጾም ሣጥን የለም፤ ቢኖር ደስ ባለኝ።

በ2015 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ኅብረት ተቀባይነት ያገኘው፣ ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም የወጣው የአዲስ አበባ መግለጫ ፔኒሲሊን በበቂ እንዲቀርብ ይጠይቃል። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚወጋው ከፈራ ግን ምን ይረባል?

በየወረዳው ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ አድሬናሊን ከአጠገባችሁ አይጥፋ፤ የመጣችላችሁ ልጅ ልቧ ምን ያህል እንደተጎዳ ካርዷን አንብቡ፤ ከተጠራጠራችሁ ለምትከታተልበት ክፍል ደውሉ። ብቻ አትመልሷት። ለአንድ መርፌ ከጃናሞራ ጎንደር በየወሩ መመላለስ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው።