አያ ጅቦና መቅሠፍት

አጋሮ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ተማሪ «የቡና በሽታ የአባቴ ባግቤር ነው» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጽፎ አመጣልኝ። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። «ባግቤር» የሚለውን ቃል ግን በቀይ አሰመርኩበት። «ቲቸር፣ መዝገበ ቃላቱ የሚፈራ ነገር ማለት ነው ይላል፤ አባቴ ደግሞ በሽታውን ይፈራዋል» አለኝ። ወዲያው ደወል ተደወለና ሳላስረዳው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቃሉ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ቤር» ድብ ነው። «ባግ» ዛሬ ነፍሳትን የምንጠራበት ቢሆንም በድሮው እንግሊዝኛ በጨለማ ሰውን የሚያስበረግግ ነገር ማለት ነበር። ማይልስ ከቨርዴል እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ የሌሊቱ አስፈሪ ነገር የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። የዛሬ አንባቢ ስለ ትኋን የተጻፈ ይመስለዋል። ባግቤር እንግዲህ ያጠፋ ሕፃን የሚበላ ፍጡር ነበር። ኋላ ትርጉሙ ሰፋና ሰው ከልኩ በላይ የሚፈራውን ወይም ዘወትር የሚያበሳጨውን ነገር መጥሪያ ሆነ።

ይህን ቃል «ጭራቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሳይ አዝናለሁ። ጭራቅ የተረት ነው፤ በደጃችን አልፎ አያውቅም። የባግቤር ትክክለኛ አቻ ያለው እያንዳንዳችን እናት ጓዳ ውስጥ ነው፦ አያ ጅቦ። ድብ አገራችን የለም፤ ጅብ ግን ጅማ ዳርቻ ያደገ ልጅ ሁሉ ሌሊት ሲጮኽ ሰምቶት ነው የተኛው። «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣ!» ሲባል ማስፈራሪያው ባዶ አልነበረም።

ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ግን «አያ» የምትለዋን ነው። አያ ታላቅ ወንድም ወይም በዕድሜ የሚበልጥ ሰው በአክብሮት የሚጠራበት ቃል ነው። አህያችንን ለሚዘነጥል አውሬ ይህን ማዕረግ የሰጠነው ለልጆች ጨዋታ ማጣፈጫ ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። የሚፈራ ነገር በባዶ ስሙ አይጠራም፤ ዘመድ ተደርጎ ይለሰልሳል። ሩሲያውያንም ድብን የሚጠሩት ሲፈታ «ማር በላ» በሚል ስም ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት የጥንት ስሙን መጥራት ስለተፈራ ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ተረታችንን ልብ በሉት። ሊበላ የደረሰ ሰው እንኳ «አያ» ማለቱን አልተወም። ደግሞም «ብላኝ» እንጂ «ይብሉኝ» አላለም። አክብሮቱ የቤተ መንግሥት ሳይሆን የቤተ ዘመድ ነው።

ፍርሃትና ክብር በአንድ ጎጆ እንደሚያድሩ ማየት ከፈለጋችሁ «ግርማ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ከቨርዴል «ባግ» ባለበት ቦታ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀመው በዚህ ቃል ነው። ግርማ ሌሊት ሲባል የሌሊት ድንጋጤ ነው፤ ግርማዊ ሲባል ንጉሥ ነው። ሥሩ ግእዙ «ገረመ» ነው፤ «ገረመኝ»ም «ግሩም»ም ከዚያው ወጡ። ጀበናዋን አጎንብሳ ለቀዳችልን ሴት «ግሩም ቡና ነው» ስንላት፣ ከሥር መሠረቱ «የሚያስፈራ ቡና» እያልናት ነው።

ጅማ ላይ ይህ ልማድ ወደ ዙፋንም ወጥቷል። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት ማለት ነው። የሚፈራውን ሰው የፈረሱ አባት አድርጎ መጥራት ከአያ ጅቦ ሩቅ አይመስለኝም።

ወደ ልጁ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። ተማሪዎች ተመሳሳይ ቃላትን በመደዳ ሸምድደው እንደ ልብ ይለዋውጧቸዋል። ይህ ጉዳት አለው። «ቦጊማን» የሕፃናት ማስፈራሪያ ነው። «ቤት ኗር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሲፈታ «ጥቁር አውሬ» ይሆናል፤ አንድ ሰው በተለይ ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ነገር ነው። የአባትየው ፍርሃት ከሁሉም የተለየ ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1922 ኬንያ ውስጥ ታወቀ፤ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ የጎደጎደ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ከዚያ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቃል። የሚስፋፋው በዝናብ ጠብታ ስለሆነ ዝናባማና ቀዝቃዛ ደጋ ይስማማዋል። የዓመት ልፋት ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ከሰል ሲሆን ቆሞ ማየት ነው። ይህን ባግቤር ማለት ፍርሃቱን ማሳነስ ነው።

ለዚህ እንግሊዝኛ «ስከርጅ» የሚል ቃል አለው። መነሻው ጅራፍ ነው። የእኛው «መቅሠፍት»ም እንዲሁ ነው፦ ግእዝ «ቀሠፈ» ሲል ገረፈ፣ ቀጣ ማለቱ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ከላይ የሚወርድን ጥፋት በአንድ ዓይነት መሣሪያ መስለውታል። አያ ጅቦ ይለመናል፣ ይታለላል፣ በተረት መጨረሻም ይሸነፋል፤ ጅራፍን ግን ማንም «አያ» አይለውም።

በሽታውን የተቋቋሙት በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ናቸው። ከየጫካውና ከየማሳው በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች እየፈለጉ መረጡ። ዝርያዎቹ ስማቸው ቁጥር ነው፤ 74110 እና 74112 ሲባሉ 74ቱ የተመረጡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ሁለቱም የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች ባሕር ማዶ በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ ታትመው ይነበባሉ፤ ከጀርባቸው ስላለው ፍርሃት ግን አንድም ቃል አይጻፍም።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢያገኘኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አባቱ የተከሉት የትኛውን ቡና እንደሆነ ነው። የድሮውን ከሆነ «ባግቤር»ን ሰርዤ «ስከርጅ» እጽፍለታለሁ። 74110 ከሆነና አባትየው አሁንም ዝናብ በመጣ ቁጥር ልባቸው የሚርድ ከሆነ ግን፣ ቀዩን መስመሬን አጥፍቼ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እተውለታለሁ።