ቀኑ የታወቀ አደጋ

ክረምቱ አልፎ ምድር አደይ አበባን በምትጎናጸፍበት በወርኀ መስከረም ተጀምሮ፣ በልደትና በጥምቀት በኩል አልፎ እስከ ትንሣኤው ሌሊት በሚዘልቀው የበዓላት ሰሞን፣ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ መንዲ ባሉት የወለጋ ከተሞች ዘመድ ከዘመዱ ይገናኛል፤ ሰንጋው ይጣላል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ለሥራና ለትምህርት በየሀገሩ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ግን፣ የበዓሉ ቄጠማ ገና ከወለሉ ሳይጠረግ፣ የጋለ ዘይት የፈሰሰበት ሕፃን፣ ቢላዋ እጁን የቆረጠው ጎልማሳ፣ ከሞተር ብስክሌት የወደቀው ወጣት ተከታትለው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳሉ። ይህ መከራ ማንም ሳያስበው ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የቤት ማዕዘን የሚደርስን ጉዳት ሳይታሰብ መጣ ማለት አይቻልም፤ ባሕረ ሐሳቡ የበዓሉን ዕለት አስቀድሞ ሲነግረን፣ የአደጋውንም ዕለት አብሮ ነግሮናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የማእድ ቤቱ ነገር ነው። በዋዜማው ከቀትር በኋላ ሽንኩርቱ ተከትፎ በሰፊ ድስት ይጣዳል፤ ቁሌቱም በዝግታ ሲንተከተክ ሰዓታት ይፈጃል። የከሰል ማንደጃው ከመሬት ከፍ የሚለው ስንዝር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የድስቱ አፍ የሚውለው የሁለት ዓመት ሕፃን እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ነው። በአንደኛው ማንደጃ ቁሌቱ፣ በሁለተኛው የዶሮው ላባ የሚነጭበት የፈላ ውኃ፣ በሦስተኛው ለእንግዳ የተጣደው ጀበና በጠባቡ ወለል ላይ ተደርድረው ሳሉ፣ እናቲቱ ዶሮውን ብልት በብልት ለማውጣት አጎንብሳለች፤ ልጆቹ በመካከል ይሯሯጣሉ፤ ጎረቤት "እንደምን ዋላችሁ" ብላ ትገባለች፤ በዚህ ላይ መብራት የጠፋ እንደሆነ፣ አንዲት ትንሽ እግር የድስቱን ጆሮ ለመንካት ከዚህ የበለጠ ምቹ ሰዓት አታገኝም።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ውኃ በእርሷ ዘንድ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እንኳ የሰውን ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ለማቃጠል ይበቃል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ስለሆነ ጊዜው ከዚያም ያጥራል። በድስት ውስጥ የጋለ ዘይትማ 180 ዲግሪ ሊደርስና ከገላ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ የእኛን በመሰሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች እንደሚኖሩ ይገልጻል። መከላከያው ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ማንደጃውን ከወለል አንሥቶ በጭቃ መደብ ወይም በብረት መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ፣ በማእድ ቤቱ ደጃፍም አግዳሚ አኑሮ፣ ከአክስቶች ወይም ከታላላቅ እኅቶች አንዲቱ በዚያ ቀን ከሽንኩርት መክተፍ ተገላግላ ሕፃናቱን ብቻ እንድትጠብቅ መመደብ ነው። ይህች ጠባቂ በበዓሉ ድግስ ውስጥ ከወጥ ቀማሚዋ ያነሰ ክብር ሊሰጣት አይገባም።

ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ልብ ያሳዝናል። ቅቤ ይቀባል፤ ሊጥ ይለጠፋል፤ እንቁላል ይሰበራል፤ በከተማ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ይለቀለቃል፤ ሁሉም ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ ከማመቅና ቁስሉን ከመበከል በቀር የሚፈይደው የለም። ሐኪሞች የሚያዙት፣ ልብሱንና ጌጡን ፈጥኖ አውልቆ፣ የተጣበቀውን ልብስ ግን ሳይጎትቱ፣ የተቃጠለውን ገላ በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ማቆየትና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። 20 ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ለያዘች እናት ረጅም ጊዜ ነው፤ ነገር ግን የጠባሳው ጥልቀት በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። በዚህ አንቀጽ ሳልናገር የማላልፈው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም በሚጥል በሽታ የሚሠቃዩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በእሳት ዳር ሲወድቁ፣ ምራቃቸው በሽታውን ያጋባል በሚል ከንቱ ፍርሃት የሚያነሣቸው አጥተው የሚቃጠሉ መኖራቸው ነው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ በበዓል ቀን እሳት ዳር እንዳይመደቡ ማድረግና ሲወድቁ ፈጥኖ ማንሣት የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ነው።

ስለ ከሰሉ ጥቂት ልበል። የትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ሌሊቱን በጸሎትና በስግደት አሳልፈው፣ ደክመውና ተርበው ወደ ቤት ሲገቡ፣ ቡናው የተፈላበት ከሰል ብርዱን ይመልስልን ተብሎ ከመኝታ ቤት ይገባል፤ በሩና መስኮቱም ይዘጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጭሱ ስለጠፋና ፍሙ ስለቀላ አደጋው ያለፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ከሰል የሚያድረው ከደጅ ነው።

በመስቀል ጊዜ የወለጋ ማእድ ያለ አንጮቴ አይሞላም። ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣው ይህ የሐረግ ሥር ተቀቅሎና ተልጦ፣ በቅቤና በቆጭቆጫ ተለውሶ ይቀርባል፤ የሀገሩም ሰው የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ብሎ ከጥንት ጀምሮ ያምናል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑም በምርመራ ተረጋግጧል። አንጮቴው የሚቀርብበት ወቅት ደግሞ ስብራቱም የሚበዛበት ነው። መስከረም ዴዴሳና አንገር ሞልተው የሚፈሱበት ወር በመሆኑ ወደ ቤቱ የሚቸኩል ወጣት ጎርፍ ያጋጥመዋል፤ ለኢሬቻ ወደ መልካው የሚወርደውም ሕዝብ በረጠበው ዳርቻ ላይ ይንሸራተታል፤ ዝናብ የነካው ደመራ አልያዝ ሲል ቤንዚን የሚያርከፈክፍ ሰው የተነሣ እንደሆነ፣ ነበልባሉ በእንፋሎቱ በኩል ተመልሶ ፊቱን ይልሰዋል። በልደትም ሰሞን፣ ኦሮሞው ቂሌ በሚለው የገና ጨዋታ፣ ዱላው ከሩሩ ይልቅ የሰው ዓይንና ቁርጭምጭሚት የሚያገኝበት ጊዜ አለ። እንግዲህ አጥንት ሲሰበር ቤተ ዘመድ አንጮቴውን እያበላ ወደ ወጌሻ ይሮጣል። ለብዙ ዘመን ሐኪም ባልነበረበት አገር ሕዝቡን ያገለገሉትን ወጌሾች ማቃለል አልሻም፤ ሆኖም ስብራቱ የሚደገፍበት ቀርከሃ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቋርጣል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ በመጨረሻም ይጠቁራሉ። በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች የሕፃናት እጅና እግር እንዲቆረጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን የአጥንት ሐኪሞቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የታሰረ ልጅ ጣቱ ቢቀዘቅዝ ወይም ሕመሙ ቢብስበት፣ ማሰሪያው ሌሊትም ቢሆን ሊፈታና ልጁ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባዋል። አንጮቴውን ከዚያ በኋላ ይብላ።

ከቤት ወጥተን ወደ ጉባኤው ስንሄድ አደጋው መልኩን እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ የጥምቀቱን ሥርዓት ለማየት ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም በዓለ ንግሥ፣ ገና በመሠራት ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ወድቆ ከ30 በላይ ምእመናን አረፉ፤ የቆሰሉትም እጅግ ብዙ ነበሩ። በሁለቱም ስፍራ እንጨቱ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሰው ወጣበት፤ ይበቃል ብሎ የሚከለክልም አልተገኘም። የሟቾቹን ነፍስ ይማር እንላለን፤ ነገር ግን በጸሎት ስፍራ መሞታቸውን እንደ ጽድቅ ዕጣ ቆጥሮ ምክንያቱን ሳይመረምሩ መቅረት ለሚመጣው ዓመት ሕዝብ ሌላ መቃብር ማዘጋጀት ነው።

መንገዱም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ሠርገኞችን አሳፍሮ ይጓዝ የነበረ የጭነት መኪና ከድልድይ ወደ ወንዝ ወድቆ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። ለእህልና ለቡና የተሠራ አይሱዙ ሰው ቆሞ ሲሞላበት ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚያጋድል በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ይቀርባል። የወለጋም መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሁሉ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና መውጣት አለበት። በዚያ ቁልቁለት ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረዱን ትቶ በፍሬን ብቻ ከተማመነ፣ ሸራው ግሎ መያዝ ያቅተዋል፤ በዓሉ ሳያመልጠው ለመድረስ የሚጣደፍና ከምሳው ጋር ጠጅ የቀመሰ ሾፌርም ይህን ለማስታወስ ልቡ አይሰበሰብም።

ይህን ሁሉ አደጋ አስቀድሞ ለመከላከል ምሳሌ የሚሆነን ታሪክ አለ። ወለጋ የዘመናዊ ሕክምናን በረከት ቀድመው ካዩት የሀገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። ስዊድናውያን ሐኪሞች በነቀምቴ፣ አድቬንቲስቶች በጊምቢ፣ ጀርመኖች በአይራ ሐኪም ቤት አቁመዋል፤ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢም ከሱዳን ተሻግሮ ወደ ሰዮ የገባው የኅዳር በሽታ በተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዘመን ነበር። ያ በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን የፈጀው በሽታ ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን የመጥረግና ቆሻሻውን የማቃጠል ልማድ ጸንቶ ቀርቷል። አባቶቻችን የደረሰባቸውን መከራ አልቅሰው ብቻ አልተዉትም፤ በቀን መቁጠሪያቸው ውስጥ የመከላከያ ቀን አደረጉለት። ይህ ሥርዓት ለበዓላቱም አደጋ ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ካህናቱ በዋዜማው ቅዳሴ ፍጻሜ፣ የመካነ ኢየሱስ መጋቢዎች በእሑድ ጉባኤያቸው፣ ሼኾቹ ከዒድ በፊት ባለው ጁምዓ፣ አባ ገዳዎችም ሕዝቡን በሚመርቁበት መልካ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ ከሰሉና ስለ ጭነት መኪናው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጥቂት ቃል ቢናገሩ፣ ማንም ባለሥልጣን ከሚለጥፈው ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ። ዕድሮቹም ድስትና ድንኳን ለአባሎቻቸው እንደሚያውሱ ሁሉ፣ ከፍ ያለ የብረት ምድጃ መቆሚያ በየሰፈራቸው ጥቂት ጥቂት አሠርተው ለበዓል ቢያውሱ፣ በከተማው ያለ ማንኛውም ብረት በያጅ በአንድ ቀን የሚሠራው ነገር ነው። የዕድር ስብሰባ በነሐሴ ቢጠራ፣ መስከረም 16 ደመራው ሳይለኮስ ገንዘቡን ለማዋጣትም፣ መቆሚያውን ለማሠራትም ጊዜው ይበቃል።